ማሽኑን ዝም ላሰኙት ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ቢሻው፣ ስሙን በአደባባይ ላለመጥራት ስል «ከገበያው በላይ ያለው ቢሮ» ብዬ ለማልፈው መሥሪያ ቤት ኃላፊ፤
መካነ ሰላም።

አላህ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለሥራዎ በረካ፣ ለስልክዎም ባትሪ ይስጥልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩና እጄም ቀስ ብሎ ስለሚጽፍ፣ ደብዳቤው ቢረዝምብዎ እንደ ስብሰባ ቆጥረው ይታገሡኝ።

ደብዳቤው በአደባባይ እንዲነበብ ስለጻፍኩት፣ ለማያውቁን አንባቢዎች ነገሩን ላስረዳ። ልጄ ሁዜይፋ በቢሮዎ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። የሕዝቡ መረጃ የተቀመጠባቸው፣ ሰርቨር የሚባሉት ማሽኖች በአንዲት ጠባብ ክፍል ታጭቀው ስለሚሞቁ፣ የሚጠብቃቸው ፕሮግራም አቆመላቸው። ፕሮግራሙን የሚያዘውም በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፈ ነበር። ትእዛዞቹን በአንድነት ሲጽፋቸው ስክሪፕት ይላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እሱ ባይኖርም ማሽኑ ይፈጽማቸዋል። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው፣ «እንደ እናንተ ሰላምታ ነው እማ። ደህና አደርክ? ቀዬው ደህና? እያለ ሰርቨሮቹን ይጠይቃል። መልስ ካጣ ጎረቤት ይጠራል» አለኝ።

ጥሪው በመጀመሪያ ለራሱ፣ ቀጥሎ ለባልደረባው ለታደለ፣ ከዚያ ለእርስዎ ይደርሳል። ማናችሁም ካልመለሳችሁ ወደ እኔ ይመጣል፤ ስልኳን የማታጠፋ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ ብሎ ነው የጨመረኝ። ለእኔ የሚላከውን ቃል ራሱ ጽፎታል፤ «እማ፣ ክፍሉ ሞቋል። እነ ታደለን ጥሪልኝ» ይላል።

ልጄ በአጭር ሕመም ከሞተ ዓመት አልፎታል። በለቅሶው ሰሞን እርስዎም ታደለም ለሐዘኑ ክብር ስልካችሁን አጥፍታችሁ ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሳለ፣ ያ መልእክት በእኔ ስልክ ገባ። አልታየች የምትባለው እህቴ አንብባው ጮኸች፤ ሴቶቹም ተከትለዋት ተነሡ። እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቄው ነበርና፣ «አቶ ቢሻው፣ ይነሡ፤ ልጄ ክፍሉ ሞቋል እያለ ነው» አልኩዎ። ጋቢዎን እንደለበሱ ከታደለ ጋር ሮጣችሁ ወጣችሁ። ለዚያ ሩጫ ያለ ምንም ቀልድ አመሰግንዎታለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች ግን እንደ ፈቀዱ ይመዝኗቸው።

አንደኛ፤ በግምገማ ላይ ማሽኑ የጮኸበት ሁሉ የቢሮው ድክመት ሆኖ በመቆጠሩ፣ የማይጮኽ ማሽን እንዳስፈለገዎ ሰምቻለሁ። ልጄ ለጥገና ሰዓት ብሎ የተዋት አንዲት ትእዛዝ ነበረች፤ «አሁን እየጠገንን ስለሆነ አትጣራ» የምትል። እርስዎ ከዚያ ሁሉ ትእዛዝ ይህችኑ መርጠው ከታደለ ተምረው፣ ጥገናው እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ እንደሚቆይ ለማሽኑ ነገሩት። ማሽን ምስኪን ነው፤ ጠጋኝ ሳያይ አመነዎት። ቢሮዎም ብልሽት የሌለበት ተብሎ ሞዴል ሆነ፤ እንኳን ደስ አለዎ። የጤና ባለሙያዎቻችንም ከእርስዎ ልምድ ቢቀስሙ፣ በሽተኛው እንዳያቃስት ብቻ በማዘዝ ወረዳውን ከበሽታ ነጻ ባወጡት ነበር።

ሁለተኛ፤ ዐረብ አገር ላለች ልጇ የሚላክ ማስረጃ ፈልጋ ከከላላ በበቅሎ የመጣችው ፋጢማ፣ «ሲስተም የለም» ተብላ ከመስኮትዎ ተመለሰች። በማግሥቱም ሄዳ ያው ሆነ። ሆኖም ከቆመችበት አጠገብ ግድግዳው ላይ ያለው የዚሁ ፕሮግራም ስክሪን ሰርቨሮቹ ሁሉ ደህና ናቸው ብሎ አረንጓዴ ስላሳያት፣ በልምላሜው ዓይኗን አሳርፋ መጥታለች። እኔ ቤት ስታድር፣ «ስክሪኑ ያገኘውን ሲስተም ምነው እኛ አጣነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን በአክብሮት ወደ እርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ሦስተኛ፤ የሟች መልእክት እናትን ይጎዳል፣ ዝም ያሰኘነውም ለእርሷ ብለን ነው የሚሉ ሽማግሌዎች ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ደጋግ ሰዎች ናቸው። ዱዓ አድርገው፣ ምሳ በልተው፣ እንዳልጎዳ መክረውኝ ሄዱ። ይጎዳሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። የፋጢማን ጉዳይ ያስቀደምኩት ለጨዋነት ነው፤ የራሴ ጉዳይ ያቺ «እማ» የምትል ቃል ናት። ልጄ ከሞተ ወዲህ የሚጠራኝ በእሷ ብቻ ነበር። መልእክቷ ስትመጣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ታደለን ፍለጋ ከቤት እወጣ ነበር። ለዚያች ሰዓት ልጄ የላከኝ ሰው ነበርኩ።

ይህን ስል ማሽኖቹ ለእኔ ሲባል ይበላሹ ማለቴ አይደለም። የክፍሉን ማቀዝቀዣ አስጠግነው፣ ሰርቨሮቹ ደህና ውለው ደህና አድረው፣ በዚህ ምክንያት መልእክቱ ለዘላለም ቢቀርብኝ፣ ልጄ ሥራውን ጨርሶ ዐረፈ ብዬ እጽናናለሁ። ክፍሉ እየነደደ የማሽኑ አፍ ሲያዝ ግን፣ ልጄ እየተጣራ እንዳልሰማው የተደረግሁ ያህል ነው የሚሰማኝ። ስለዚህ የምለምንዎ ያቺን የጥገና ትእዛዝ እንዲያነሡልኝ ነው። ከዚያ በኋላ ቢጠግኑትም ቢጣራም፣ ሁለቱንም በጸጋ እቀበላለሁ።

በሐዘን ድንኳኔ ስለተቀመጡልኝ ውለታዎ ያለብኝ፣ በመስኮትዎ በኩል ግን ገና ባለጉዳይዎ የሆንኩት፣ መልካሙን ሁሉ የምመኝልዎ፤
የሁዜይፋ እናት፣ ፈንታዬ ሰይድ።

ማሳሰቢያ፤ ታደለን ጠይቄው፣ ትእዛዙን ለማንሣት ለማሽኑ አንድ መስመር መጻፍ እንደሚበቃና የሚጠብቀውም የእርስዎን ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ነግሮኛል። ማሽን በአንድ መስመር ይታዘዛል። ለኃላፊ ስንት መስመር እንደሚያስፈልግ ስላላወቅሁ ይህን ያህል ጽፌያለሁ፤ ካልበቃ ያስታውቁኝና እጨምራለሁ።