ምንጣፉ ላይ ያስታውቃል

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እዚያ ስቶክሆልም ያለው የቤትሽ ደረጃ ዘንድሮም አላዘነልሽም? ልጆቹን ሁሉ ሳሚልኝ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤን ምን እንዳገኘው ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

ለስድሳ ዓመቴ ብለሽ የገዛሽልኝ የመርከብ ጉዞ ጥሩ ነበር። ምግቡ አያልቅም፣ ሙዚቃው አይቆምም፣ ሰዉ አፉን አይዘጋም። እኔ ከቤቴ የወጣሁት ዝምታ ሽሽት ስለሆነ መጀመሪያ ገነት የገባሁ መስሎኝ ነበር። ማዕድ የምንጋራው ትራውድል ከምትባል ባሏ የሞተባት ጀርመናዊት ጋር ነው። ከትምህርት ቤት በቀረችኝ ጀርመንኛ እግባባታለሁ፤ ማለቴ እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ከሾርባው እስከ ጣፋጩ ስለ ሟቹ የሐሞት ጠጠር ነው የምታጫውተኝ። ሪጋ ስንደርስ ጆሮዬ እረፍት ስጪኝ እያለ ይለምነኝ ነበር።

ያም ሆኖ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ተስማምተን የለም? ጉዞው ስቶክሆልም ሲያበቃ አንቺ ጋ ልወርድ፣ ያሰናዳሽልኝ ክፍል ልገባ፣ ባሌን ኦይቫን ከነዝምታው ልተወው። የልደቴን ዕለት ነገር ደግሜ ልንገርሽ፤ ባወራሁት ቁጥር ስለሚቀለኝ ነው። ኬኩን ራሴ ጋገርኩ፣ ሻማውን ራሴ ለኮስኩ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «ስማ፣ እኔ ብጠፋ ይታወቅሃል?» አልኩት። ኦይቫ አሰበ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ አሰበ። በመጨረሻ «ምንጣፉ ላይ ያስታውቃል» አለኝ። በየሰኔው ምንጣፎቹን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተሸክሜ ወስጄ የማጥበው እኔ ነኝ አይደል? ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ ዋጋዬ ንጹሕ ምንጣፍ ሆነ! በማግስቱ ሻንጣዬን አነሣሁ። እሱም አንድ ቃል ሳይተነፍስ እስከ አውቶቡሱ ተሸከመልኝ።

እንግዲህ ከታሊን ወደ ሄልሲንኪ ልንነሣ ስንል ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ፣ ነፋሱ ስላልተመቸ የምናርፈው ኮትካ ነው አለ። ሳህኑ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ወዲያው ደወልኩልሽ፣ ታስታውሻለሽ። «ከመርከቡ ንቅንቅ አልልም» ስልሽ፣ አንቺ ደግሞ «ምን አገባሽ፣ እንደ ማንኛውም ቱሪስት ወርደሽ ጎብኚ፣ ማን ያውቅሻል?» አልሽኝ። ማን ያውቅሻል! ተወልጄ ባረጀሁበት ከተማ!

የትራውድልን ሰፊ ባርኔጣ ተውሼ፣ ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ ከቡድኑ መሃል ተሸጉጬ ወረድኩ። የገዛ ከተማዬን ካርታ ሰጡኝ። ሁልጊዜ ዓሣ የምትሸጥልኝ ሴትዮ በእንግሊዝኛ ስታነጋግረኝ ደንግጬ «ቴንኪው» ብያት አለፍኩ። ከካፖርቴ በዕድሜ የምታንስ አስጎብኚ ልጅ፣ የፊንላንድ ሰው ለምን ዝምተኛ እንደሆነ አስረዳችን። እኔም ከሌሎቹ ጋር ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ «አሁን ደግሞ የአገሬውን እውነተኛ ልማድ ላሳያችሁ» ብላ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰደችን። ከመርከቡ ማረፊያ አጠገብ ያለውን የምንጣፍ ማጠቢያ ታውቂዋለሽ፤ ረጃጅም ጠረጴዛዎቹን፣ መጭመቂያውን፣ ማስጫውን። አንድ ሰው ብቻውን ያጥባል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የኔን ሽርጥ ታጥቋል። ኦይቫ ነው!

ሰዉ ሁሉ ፎቶ ማንሣት ጀመረ። ትራውድል በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ባል ማለት ይህ ነው! የየትኛዋ እድለኛ ይሆን?» አለችኝ። ባርኔጣውን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ልጅቷ ስለ ምንጣፉ ጠየቀችው። እትዬ፣ ሙት ቢነሣ እንዲያ አልደነግጥም፤ ኦይቫ ተናገረ! ለሚያውቀው ሰው የሚነፍገውን ቃል ለማያውቃቸው አዘነበው። «ይሄ ሰማያዊው ቀሚሷ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል። «መጀመሪያ ስንጨፍር የለበሰችው። ሲያረጅ ቆራርጣ ሸመነችው። ይሄ ግራጫው የኔ የወደብ ሥራ ቱታ ነው። ሆን ብላ ጎን ለጎን አደረገቻቸው፤ ያላየሁ መስሏታል።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀስኩ። ጥቁር መነጽር ጥሩ ነገር ነው።

ትራውድል በልጅቷ በኩል «ሚስትህ የት አለች?» ብላ አስጠየቀችው። «መርከብ ላይ» አለ። መቼ ትመለሳለች ሲባል ግን ዝም። የኛን ዝምታ መቼም ታውቂዋለሽ፤ ጎብኚዎቹ አልቻሉትም፣ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ጫማውን ያያል። ኦይቫ በመልስ ፈንታ ብሩሹን አንሥቶ መፈግፈግ ያዘ። ደግሞ በአግድም! ክሩን እያላላ፣ በቀሚሴ ላይ! ሌላውን ሁሉ ችዬ ነበር፣ ይህን ግን አልቻልኩም። «በቁመቱ! በቁመቱ ፈግፍገው አንተ ሰውዬ!» ብዬ በገዛ ቋንቋዬ ጮህኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ኦይቫ ብቻ አልዞረም። ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ በእኔ በኩል አስቀመጠና «ባርኔጣው ያምርባታል» አለ። ልጅቷም ሥራዋ ነውና ተረጎመችው፤ ጎብኚዎቹ የትኛው ባርኔጣ እንደሆነ መፈለግ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው የወገቤ ጉዳይ ነው። ብሩሹን ተቀበልኩት። ምንጣፉን በቁመቱ ፈግፍገን፣ አለቅልቀን፣ ወደ መጭመቂያው ወሰድነው። መጭመቂያው ደግሞ ያለ ሁለት ሰው አይሆንም፤ አንዱ ያጎርሳል፣ አንዱ እጀታውን ያዞራል። ምንጣፉ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ሳለ መርከቡ ጡሩምባውን ነፋ። ኦይቫ እጀታውን አቁሞ አየኝ። ሂጂም አላለኝ፣ ቅሪም አላለኝ፤ እጁን ግን ከእጀታው አላነሣም። ምንጣፍ ደግሞ በግማሽ አይተውም። «አዙር እንጂ!» አልኩት።

ትራውድል ከመርከቡ ላይ ሆና እጇን ታወናጭፍ ነበር። የጠራችው እኔን ይሁን ባርኔጣዋን እንጃ።

ሻንጣዬ ብቻውን ወደ አንቺ እየመጣ ነው፣ ከወደቡ ተቀበይልኝ። ያሰናዳሽው ክፍል ለሱ ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ከቤታችን በር ላይ ሆኖ የሚታይ ሌላ ምንጣፍ ማጠቢያ አለ። ኦይቫ ግን በዚያ ጠዋት ምንጣፉን ሁሉ ጭኖ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ መርከብ የሚቆምበት ድረስ መጣ። ኮትካ እንደምናርፍ በስልክ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ኦይቫን አልጠየቅሁትም፣ አንቺንም አልጠይቅሽም።

ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ደረጃሽን ያሳጥርልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ። ኦይቫም ሰላም ብሎሻል፤ ስጽፍልሽ አይቶ ራሱን ነቀነቀ ማለቴ ነው። ሻንጣው ውስጥ ያለው አዲሱ ቀሚስ ያንቺ ነው፣ ልበሺው። ሲያረጅ ላኪልኝና ከሰማያዊው አጠገብ እሸምነዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ