የለቀቀው መንቀጥቀጥ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ገብሱ ተወቃ? ላሞቹስ ደህና ናቸው? ይህን የምጠይቅህ ደብዳቤ በሰላምታ ስለሚጀመር እንጂ ናፍቀኸኝ አይደለም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብረ ታቦር ብርዱ ጠንክሯል፣ ሌላ የሚወራ የለም።

ድሮ አንቱ እልህ ነበር። ከቤትህ ካስወጣኸኝ ወዲህ አንተ ማለት ቀለለኝ። ስደውል ስልክ ስለማታነሳ ነው የምጽፈው። ማን ጻፈላት ብለህ አትድከም፣ ራሴ ነኝ። የአገሩን ልጅ ሁሉ አቋቋም ስታስተምር ለሚስትህ ፊደል ማሳየት ከበደህ። ልጃችን ምሕረትአብ ታሞ እኔ ዘንድ በተቀመጠ ጊዜ እሱ አስተማረኝ። እጁ እርሳስ መያዝ ስላቃተው እሱ በቃል ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በመጪው እሑድ ልጁን በንስሐ አባቱ ፊት መስቀል አስይዘህ፣ ከእንግዲህ የሐኪም መድኃኒት አልቀምስም ብሎ እንዲምል ልታደርገው ነው አሉ። ከዚያ አንበሳሜ ወስደህ ትድረዋለህ። ዲያቆን ይርጋ ነው የነገረኝ። ይህ መሐላ እንዲቀር ነው የምጽፍልህ።

ሲጀምረው ታስታውሳለህ። ማኅሌት ላይ ቆሞ ከማይታይ ሰው ጋር ይጣላ ነበር። ልብሱን ጥሎ በሐሙሲት መንገድ ሲሄድ ሰዎች መለሱት። ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። መርፌው የሚሰማውን ድምፅ ጸጥ አሰኘለት፣ ሰውነቱን ግን አሰረው። ፊቱ እንጨት ሆነ። ጓደኞቹ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ እሱ እንደ ተተከለ ምሰሶ ይቆማል፣ ጸናጽሉ ደግሞ ዝም ማለት ባለበት ቦታ እጁ ላይ ይንሿሿል። ተማሪዎችህ ሳቁ። አንተም አፈርክ። የአቋቋም መምህር ልጅ እንዲህ ሆኖ እንዴት ይታያል ብለህ፣ እኔን ሳትጠይቅ መርፌውን አስቁመህ ጠበል ወሰድከው።

ጠበሉን አልጠላሁም። እኔም ጠጥቼዋለሁ። የጠላሁት እናንተ መንቀጥቀጡን ሰይጣን ማድረጋችሁን ነው። ልጁ ውኃ ውስጥ ቆሞ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከበባችሁት፣ ለቀህ ውጣ፣ ስምህን ተናገር እያላችሁ። ስንቅ ይዤ ልጠይቀው በመጣሁ ጊዜ ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። «እማዬ፣ ስምህን ተናገር ሲሉኝ የመርፌውን ስም ልነግራቸው ነበር፣ ግን ረጅም ስለሆነ ጠፋኝ» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። በእናንተ መሳቅ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

በማግስቱ መርፌውን ይወጋው ወደነበረው ነርስ፣ ወደ ማሩ ሄድኩ። ተቆጣሁት፣ ልጄን ግንድ አደረግከው አልኩት። አልተቀየመኝም። ድምፁን የሚያረግበው መድኃኒት እጅና እግርን የሚያዘውንም የአንጎል ክፍል እንደሚነካ፣ መርፌው ከቆመም በኋላ ለሳምንታት ከሰውነት እንደማይወጣ ነገረኝ። «አመለኛውን በሬ ለመያዝ ቀንበሩን ስታጠብቂው የደህናውንም አንገት ያንቃል» አለኝ፤ እሱም የገበሬ ልጅ ነው። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው መርፌውን በኪኒን ተኩለት፣ መጠኑንም ቀነሱለት፣ ለመንቀጥቀጡ ደግሞ ሌላ ጨመሩለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ይዤ ስመጣ የጠበሉ አጥር ጥግ ቆመህ «ይቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች?» ትል ነበር። ስንቁ ውስጥ ኪኒኑ ነበር። ልጁ እያወቀ፣ በገዛ እጁ ነው ሲውጥ የከረመው።

እጁ ቀስ በቀስ ተፈታ። ድምፁም አልተመለሰበትም። የሚካኤል ዕለት መቋሚያውን አንስቶ ከሰው እኩል ሲያሸበሽብ ማይክ ይዘህ ወጣህ፣ ሰይጣኑ ለቀቀው፣ ዓይናችሁ አይቷል አልክ። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔም ከኋላ ቆሜ እልል አልኩ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ኪኒን በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ።

ያኔ ልናገር ነበር። የለመነኝ ልጁ ነው። «አባዬን ተዪው፣ ከታመምኩ ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ዛሬ ነው» አለኝ። ስለ እሱ ብዬ ዝም አልኩ። ስላንተ አይደለም።

አሁን ግን መሐላ አመጣህ። ምሕረትአብ የማለውን አያፈርስም። እኔ ብሆን አፈርሰው ነበር፣ እሱ ግን መስቀል ይዞ ያለውን እስኪሞት ይጠብቃል። መድኃኒቱ ሲቆም መጀመሪያ አንተም ደስ ይልሃል። ሰውነት ይቀላል፣ እግር ከእስር የወጣ ይመስላል፣ እንቅልፍ አያስፈልግም፣ ቀኑን ሙሉ መዘመር ያሰኛል። ጸጋ በዛለት ትላለህ። ከዚያ አንድ ጠዋት ጎረቤት ስም እየጠራ ሲስቅ ይሰማል። በሩን ሲከፍቱት ማንም የለም። ሲዘጉት እንደገና ይስቃል። በመጨረሻ የሚስቀው የገዛ ባል ድምፅ ይሆናል፣ ሰውየው ግን እርሻ ላይ ነው።

ይህን በምን አወቅሽ ትለኝ ይሆናል። ዛር አለባት ብለህ ሽማግሌ ሰብስበህ ከቤት ስታስወጣኝ ያልጠየቅኸኝን ዛሬ አትጠይቀኝ።

የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። ልጁን አታስምለው። ምስክርነትህን አልነካብህም፣ ሰይጣን አስወጣሁ እያልክ ከጣራ ገዳም እስከ ዋንዛዬ ተናገር፣ እኔ እስክሞት ዝም እላለሁ። ለሙሽራይቱ እሱ ራሱ ሁሉንም ይነግራታል፣ ቆርጧል። አንበሳሜም ሐኪም አይጠፋም። አንተ ከመንገዱ ላይ ዘወር በል፣ ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም። መልስህን በይርጋ ላክልኝ፣ እሺ የሚለው ቃል ይበቃኛል።

እምቢ ካልክ እሑድ ከሴቶቹ መካከል እነሳለሁ። መስቀሉን ከመጨበጡ በፊት መሃል ገብቼ ኪኒኑን ለሕዝቡ አሳያለሁ። የማሳያቸው የእሱን ብቻ አይደለም፣ የኔም አለ። ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ባል፣ ያለ ዘመድ፣ በአእምሮዬ እንደቆምኩ የሚያውቀኝ ሕዝብ ነው፣ አይቶ ይፍረድ።

እግዚአብሔር ልብህን ያራራው። ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጅህ ቆሞ ሲያመሰግን እያየህ አርጅ።

የልጅህ እናት