የሃያ ሁለት ብርቱካን መልስ

ለወንድምዓለም ኪሩቤል፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞሃል? እማዬ ያሠራችልህን ጋቢ ትደርባለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሳጥን ውስጥ ከተትከው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ የጎዳኸኝም አንተ ነህ። በስልክ ብነግርህ በሳቅ ታድበሰብሰዋለህ ብዬ ነው ወደ አገር ለምትገባው ለፋንቱ ይህን ጽፌ የሰጠኋት።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከተማሪዎቹ የተረፈውን ሒሳብ ማታ ለእኛ ያመጣ ነበር። «ልጄን የሚጠይቅ እንቆቅልሼን ይፍታ» ሲል አንተ ትስቅ ነበር። ካረፈ በኋላ ቃሉን እኔ ጠበቅኩ። እንቆቅልሹን ታውቀዋለህ። አንድ ነጋዴ ብርቱካን ይዞ በሦስት ኬላ ያልፋል። በየኬላው ከያዘው ግማሹን፣ በላዩም አንድ ጨምሮ ይሰጣል። በመጨረሻ አንድ ብርቱካን ቀረው። ስንት ይዞ ተነሣ? እዚህ ናይሮቢ አንዱ ጠያቂዬ ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ምሳ ጋብዞኝ፣ እዚያው ስልኩን አውጥቶ መልሱን ሊፈልግ ሞከረ። ጥዬው ወጣሁ።

ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል የሚሠራው ሱራፌል ግን ሳምንት ቆይቶ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ሃያ ሁለት» አለኝ። እንቅልፍ አጥቶ እንደሰነበተ፣ ወረቀት እንደጨረሰ ነገረኝ። ሞኟ እኔ፣ ሽማግሌ ላክ አልኩት! የወደድኩለት መልሱን እንዳይመስልህ፤ ሳምንት ሙሉ በእኔ ነገር መድከሙን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አክስታችን ሙሉመቤት ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ለጨዋታ ብዬ ቁጥሩን ቀየርኩና «በመጨረሻ ሁለት ቢቀረውስ?» አልኩ። ሱራፌል ሳያስብ «ሃያ ሁለት» አለ። እዚሁ ያደገችው የአክስታችን ልጅ አቢግያ ከሃያ ሁለት ጀምራ በጣቷ አሰላችና ስዋሂሊ እየቀላቀለች «ኢሜካታ፣ እምቢ አለ፤ አንድ ብቻ ነው የሚቀረው» አለች። ለእሷ አስረዳኋት፤ የሚጀመረው ከኋላ ነው። በቀረው ላይ አንድ ትጨምሪያለሽ፣ ከዚያ እጥፍ ታደርጊዋለሽ፤ ለሦስቱም ኬላ እንዲሁ። ሁለቱ ስድስት ይሆናል፣ ስድስቱ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አራቱ ሠላሳ። አንድ ከቀረው ደግሞ አራት፣ ዐሥር፣ ሃያ ሁለት። መንገዱን ያገኘ ሰው ቁጥር ቢቀየርበት አይጠፋውም። ሱራፌል ላብ በላብ ሆነ።

ወደ ቤት ሲሸኘኝ ሁሉንም አወጣው። ሊማከርህ ሲደውል መልሱን የሰጠኸው አንተ ነህ። እሱስ ይሁን። «የደከመህ ሆነህ ቅረብ፣ እሷ ይሄን ነው የምትወደው» ብለህ ያስጠናኸውም አንተ ነህ። እንዴት አስቻለህ? አባዬ ያንን መንገድ ያሳየው ለሁለታችን ብቻ አልነበረም? «ካልረዳኋት ቆማ መቅረቷ ነው» ብለኸዋል አሉ። አንጀቴን ያሳረረው ይሄ ነው። ለእኔ ለሐሊና ብሎ አንድ ሳምንት የሚደክም ሰው ይገኛል ብለህ አላመንክም።

ለሱራፌል ሌላ እንቆቅልሽ ሰጠሁት። ትናንት ዓይኑ ቀልቶ መጣና «ሞከርኩ፣ አልቻልኩም» አለኝ። ይቅር አልኩት። ሠርጉም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደታሰበው ይሆናል።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳትረሳ አደራ። ባለቤትህን ትዕግስትን በጣም ናፍቀሽኛል ትልሻለች በላት፤ እሷ ይሄን እንደማታውቅ እገምታለሁ። ዮአብን ግንባሩን ሳምልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ሠናይትም ሰላምታዬ ይድረስ። አንተም ለሠርጉ ና፤ ወንድሜ ነህ፣ አትቅርብኝ። በአባዬ ፈንታ መርቆ የሚሸኘኝ ግን የአክስታችን ባል ጋሽ ሀብተወልድ ነው። ትናንት ለምኜው እሺ ብሎኛል። አንተ ከእንግዶች ጋር ትቀመጣለህ።

እህትህ ሐሊና
ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.