ሁለት ጣት ትርፍ

አሰላሙ ዓለይኪ ዘምዘሜ፣ የሀያት እናት፣

ከተለያየን የመኸሩ እህል ገባ፣ የበልጉም ተከትሎ ገባ፤ አሁን ደግሞ ሲናና ላይ ኮምባይነሮቹ ለሌላ መኸር ወጥተዋል። እስከ ዛሬ ልጽፍልሽ እያሰብኩ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የቆየሁት። አንቺም ከመቀስና ከመርፌ ሌላ ይህ እጅህ ምን ያውቃል ትይኝ ነበር።

የምጽፍልሽ ከየት እንደሆነ ብታውቂ ትስቂያለሽ። ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከፍተሻው ወዲያ ባለው መጠበቂያ ክፍል ተቀምጬ ነው። ጉም ስለወረደ አውሮፕላኑ ይዘገያል ብለውናል። ሻንጣውን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ እንደ ጠረጴዛ እየጻፍኩበት ነው። አዎ፣ ያንኑ ሻንጣ። ሀያት መልሳ ካመጣችልኝ ወዲህ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር የከረመው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የስፌት መኪናዬ ላይ ሞተር አስገጥሜያለሁ። ጉልበትህ ሳያልቅ አስገጥም እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ ኖረሽ፣ የሰማሁሽ ከሄድሽ በኋላ ሆነ። እግሬ አሁን ሥራ ፈት ነው፤ ግን ልማድ ሆኖበት ባዶውን ይረግጣል፣ ደንበኞችም እያዩ ይስቁብኛል። ጓሮ የተከልሽውን ነጭ ሽንኩርት በረዶ መታው፤ ጎመኑ ተርፏል። ከሱቃችን ቀጥሎ እህልና እንቁላል የምትሸጠው እትዬ አበበች ምግብ መላኳን አልተወችም። ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው ትይ የነበረው ትዝ ስለሚለኝ፣ ምንም ባጣ እንቁላል አስቀምጬበት እመልስላታለሁ። እንቁላሉን የገዛሁት ከራሷ ሱቅ እንደሆነ ታውቃለች።

ትልቁ ወሬ ስሟን ያወጣሽላት የልጅ ልጃችን ኢክራም መራመድ መጀመሯ ነው። ሀያት አባዬ መጥተህ እያት፣ ሳታውቅህ ልታድግ ነው ብላ አለቀሰችብኝ። ለዚህ ነው ዛሬ የምበረው። እኔ፣ ቀጥ ያለ መሰላል ላይ መውጣት የምፈራው ሰው።

ስለ ሁለት ጣት ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከስልጤ መጥቼ ገበያው ዳር መኪናዬን የዘረጋሁ ሰሞን፣ እናትሽ የዒድ ቀሚስ ሊያሰፉልሽ ይዘውሽ መጡ። ለካሁሽና እንደ ልማዴ በየጎኑ ሁለት ጣት ትርፍ ትቼ ሰፋሁት። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ፣ ጨርቅ እንጂ ሰው ባለበት አይቆምም ይሉ ነበር። አንቺ ግን በማግስቱ ሰፋኝ ብለሽ ተቆጥተሽ መጣሽ። ግድ የለም፣ ትወፍሪያለሽ አልኩሽ። ያን ጊዜ ያየሽኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። እናትሽ ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሀያትን ከወለድሽ በኋላ ያ ቀሚስ ልክክ አለብሽ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተረፈ ነገር ሁሉ ስሙ ሁለት ጣት ሆነ። ወጥ ሲተርፍ ሁለት ጣት፣ እንግዳ ሳይጠራ ሲመጣም ሁለት ጣት።

ሀያት ልትወልድ ስትደርስ፣ እግርሽ የአውቶብሱን መንገድ አይችለውም ተባለና በአውሮፕላን እንድትሄጂ ቆረጥን። የሀያት ባል፣ በእጅ የሚያዘው ሻንጣ ከዚህ መብለጥ የለበትም ብሎ ልኩን በስልክ ነገረኝ። ጨርቅ በማሰምርበት ሳሙና ጠረጴዛዬ ላይ ጻፍኩት። ሮቤ ገበያ የሚገዛ ሻንጣ መች ጠፋ? እኔ ግን የልብስ ሰፊ ሚስት የገበያ ሻንጣ ይዛ አትሄድም አልኩ። ወፍራሙን ሰማያዊ ሸራ ቆረጥኩ፤ ከዚያ ከዒድ ቀሚስሽ የተረፈውን ጨርቅ ገበር አደረግሁለት፤ ዚፑን ሁለቴ ሰፋሁት። ልኩ ፊቴ ተጽፎ እያየሁት እጄ በየጎኑ ሁለት ጣት ተወ። አላሰብኩትም እንኳ። ጠባብ ሰውን ያስጨንቃል፣ ሰፊ ግን ማንንም አይጎዳም እያልኩ ነው ዕድሜዬን የሰፋሁት።

ያን ቀን ጠዋት፣ እግርሽን ስለሚያምሽ ደግፌሽ እንድገባ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ፈቀደልኝ። የለበሰውን ሱሪ ያሳጠርኩለት እኔ ነበርኩ። ሻንጣው ውስጥ የራስሽ ልብስና ጫማ፣ ለአራሷ ገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት፣ ከሁሉም በላይ የእናትሽ ቆሪ ነበረበት። ያ በጨሌ ያጌጠ የእንጨት ዕቃ፣ በቅቤ ያሸሽው የገብስ ጩኮ እስከ አፉ ሞልቶበት።

ሻንጣ የምትቀበለዋ ልጅ ትሑት ነበረች። የሻንጣ ልክ የሚታይበትን የብረት መለኪያ አሳይታኝ፣ አባቴ፣ እዚህ ብረት ውስጥ መግባት አለበት አለችኝ። ከተትኩት፤ ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። ገፋሁት፤ እምቢ አለ። ላውጣው ስል ብረቱ ራሱ ከሻንጣው ጋር ተነሣ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሳቁን ዋጠው። እንግዲያው ከታች ይጫንልዎት አለች። አንቺ ደግሞ ቆሪው ይሰበርብኛል፣ ለአራስ የያዝኩትንም ከእጄ አላወጣም ብለሽ እምቢ አልሽ። ቀደም ብሎ አንድ ባለ ኮት ሰውዬ የኔን የስፌት መኪና የሚያህል ሳጥን ይዞ ሲገባ ማንም ይለካ ያለው አልነበረም። ይህን ሳስታውስ ደሜ ፈላ። ሕግ ከሆነ ለሁሉም ሕግ ይሁን፤ ዓይን የሚጨፈንለት ሰው ካለ ደግሞ እግሯን ከሚያማት ሴት በላይ ማን ነበር የሚገባው? ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አንቺ ግን «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ትንሽ ታገሽኝ» አልሻትና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለሽ ሻንጣውን ከፈትሽው። ቆሪውን ሳትነኪ የራስሽን ዕቃ አወጣሽ። ሁለተኛውን ቀሚስ በለበስሽው ላይ ደረብሽ፣ ሹራቡን በዚያ ላይ፣ ካፖርቱን ከሁሉም በላይ። ከሹራቡ በቀር ሁሉንም የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ያ ሁለት ጣት ባይኖራቸው አንዱ በሌላው ላይ አይገባም ነበር። ጫማውንና ዱቄቱን በፌስታል አድርገሽ ይዘህ ተመለስ አልሽኝ። እንደ ነዶ ወፍረሽ ብድግ ስትዪ ሰዉ ሁሉ ፈገግ አለ። አንቺም ፈገግ አልሽ መሰለኝ። እኔ ግን አላየሁሽም።

አላየሁሽም፤ ምክንያቱም ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ብረቱን እየለካሁ ነበር። የኒካሓችን ቀን እንኳ አንገቴ ላይ ረስቼው የመጣሁት ያ ሜትር! አንዱ ጎን ከሌላው ያንሳል፣ ብረታችሁ ራሱ የተጣመመ ነው ብዬ ተሟገትኩ። ልጅቷ ኃላፊዋን ጠራች፤ ኃላፊው መጣ፤ እሱንም ጎንበስ አድርጌ እየለካሁ አሳየሁት። ከጀርባዬ «ዲሲ፣ አባ ሀያት፣ ተወው፣ ሻንጣው ገባልን እኮ» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ሳልዞር ቆዪ አልኩሽ። በአካል ሳለን የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ነው። ኃላፊው በመጨረሻ ልክ ነዎት አባቴ፣ ትንሽ ተጣሟል አለኝ። አሸነፍኩ! ድሌን ልነግርሽ ዞር ስል አግዳሚው ባዶ ነበር። የገባሽበት መጠበቂያ ክፍል መስታወቱ ከውጭ ጥቁር ነው፤ ተጠግቼ ባይ የታየኝ የራሴው ፊት ብቻ ነው፣ ሜትር በአንድ እጄ፣ ፌስታል በሌላው።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይህን ተረት እናቶች ለሙሽራ የሚሉት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለልብስ ሰፊም ነው።

ደርሰሽ ስትደውዪ ከሰላምታው በፊት ሁለት ጣትህ እንዴት ዋለች ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሳልሰናበትሽ ገባሽ ብዬ ሳዝን፣ ውስጥ ተቀምጬ እስክንጠራ ድረስ ሳይህ ነበር፣ ብረቱን ስትለካ ሰውዬውን እንዴት እንዳጎነበስከው አይቻለሁ አልሽኝ። እንዳይከፋኝ ብለሽ የፈጠርሽው መስሎኝ አላመንኩሽም። በዚያ ጥቁር መስታወት ማን ያያል አልኩ በልቤ። ብቻ ስትመለሺ በደንብ እቀበልሻለሁ፣ ያኔ እንካካሳለን ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሀያት ከአራስ ቤት ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት፣ አንድ ቀን ከሰዓት ደክሞኛል ብለሽ ጋደም አልሽ፤ አልተነሣሽም። አላህ ይዘንልሽ። ጀናዛ አይቆይም፣ መቆየትም የለበትም፤ ይህን አውቃለሁ። መኪና ይዤ ስደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። ማንንም አልወቀስኩም። ግን ዘምዘሜ፣ ያን ጊዜ በፊቴ የመጣው ያ ብረት ነው። ሚስቴን ለመጨረሻ ጊዜ ማየት የምችልባትን ያቺን ጊዜ ብረት ስለካ አሳለፍኳት።

ሻንጣውን ሀያት ስትመልስልኝ ቆሪውን ባዶውን አላመጣችውም፤ ቴምር ሞልታበት ነው፣ ያንቺ ልጅ። አሁን ደግሞ የወንድምሽ ሚስት ጩኮ አሽታ ሞላችልኝ። ትናንት ሁለቱን ጣት ፈትቼ ሻንጣውን ጠበብ ላደርገው ምላጭ ይዤ ተቀመጥኩ። ገበሩን ገለጥ ሳደርግ የዒድ ቀሚስሽ ጨርቅ ነው። እጄ እምቢ አለ፤ ምላጩን አስቀመጥኩት።

ዛሬ ጠዋት ያችው ልጅ ነበረች። አስታወሰችኝ፤ አባቴ፣ ሜትሩን ዛሬም ይዘዋል ወይ ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ እናቴስ ደህና ናቸው፣ እግራቸውን ተሻላቸው አለችኝ። ነገርኳት። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ግድ የለም ይለፉ፣ አይለካም አለች። ተዪ ልጄ፣ ይለካ አልኳትና ራሴ አንሥቼ ብረቱ ውስጥ ከተትኩት።

ገባ። ከቆሪው ሌላ አንድ ሸሚዝና ለኢክራም የሰፋኋት ቀሚስ ብቻ ስላለበት፣ ሸራው ጎኑን አጥፎ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ታች ደረሰ። ያን ቀን እንዲህ ቢገባ ምን ነበረበት? ዛሬ ግን ምነው በተቀረቀረ፣ ምነው አንቺ የሞላሽው ሆኖ በተቀረቀረ ብዬ ተመኘሁ። ልጅቷ አውጥታ እስክትሰጠኝ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ገብቼ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ብረቱ ፊት ለፊቴ ነው። ዘምዘሜ፣ ከውጭ ጥቁር የሆነው መስታወት ከውስጥ አይጋርድም። ሁሉም ይታያል። ልጅቷ ትታያለች፣ የኮቷ ቁልፍ ክሩ ላልቶ ሊወድቅ መድረሱ ሳይቀር ይታያል። ሜትር ይዞ የቆመ ሽማግሌ ቢኖር፣ ጀርባውም ፊቱም፣ ንዴቱም ይታይ ነበር። የነገርሽኝ እውነት ነበር። አንቺ እስክትጠሪ ድረስ አይተሽኝ፣ ስቀሽብኝ፣ ጠግበሽ ነው የሄድሽው። ሳይሰናበት የቀረው እኔ ብቻ ነኝ። ግማሹ ሐዘኔ እዚህ ወንበር ላይ ቀለለኝ፤ ግማሹ ግን ይኖራል፣ ይኑር።

ቃሌ ይኸውልሽ። ሻንጣውን ጠባብ አላደርገውም። ከእንግዲህ ሰው ስሸኝ ሜትሩን ቤት ትቼ እሄዳለሁ፤ ዓይኔንም ከሚሄደው ሰው ላይ አልነቅልም፣ ብረት ቢጣመም ይጣመም። ለኢክራም ቀሚሱን ሳለብሳት ሰፋኝ ብላ ብታለቅስ፣ ግድ የለም ትወፍሪያለሽ እላታለሁ፤ ከዚያ ይህን ቃል ሰምታ የተቆጣችው አያቷ ማን እንደነበረች እነግራታለሁ። እስክትሰለቸኝ ድረስ እነግራታለሁ።

ጉሙ ተገለጠ፤ እየጠሩን ነው። ያን ቀን ጀርባዬን ሰጥቼሽ ቆዪ ነበር ያልኩሽ። ዛሬ ፊቴን ወደ መስታወቱ አዙሬ፣ ጊዜ ወስጄ ልበልሽ። ደህና ሁኚ የሀያት እናት። ቆዪኝ።

አባ ሀያት