ሁሉም ጠፍቶ የሚዞር ቆጣሪ

ጊንጪ፣ የካቲት 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለኤቢሴ፣

በጌታ ስም ሰላም ላንቺ ይሁን። የካቺሲ አየርና የጤና ጣቢያው ሥራ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ስልክ ስለማታነሺልኝ ይህን ጽፌ ለእህትሽ ለመቲ ሰጥቻታለሁ። ፖስታውን ደጋግሜ ያሸግሁት መቲን ስለማላምናት ነው፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ አሳውቂኝ።

ከሄድሽ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ያችን ጥያቄዬን እስካሁን አልመለስሽልኝም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ በመኝታ ቤታችን መስኮት ቆሞ ካንቺ ጋር ሲያወራ የታየው ሰውዬ ማን ነበር? ጎረቤታችን ከበበው በዓይኑ አይቶ ነው የነገረኝ። ስጠይቅሽ «አንተ የምታስበው አይደለም» አልሽና ዝውውር ጠየቅሽ። ንጹሕ ሰው ስም ይጠራል እንጂ ዝውውር አይጠይቅም ብዬ ነበር። እስከ ትናንት ድረስም ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ሰሞኑን ተማሪዎቼን ስለ ኤሌክትሪክ እያስተማርኳቸው ነው። ማበጠሪያ በደረቅ ፀጉር ፈትገን ብጥስጣሽ ወረቀት ስናስነሳ፣ ለንሳ የምትባል ተማሪ «ቲቸር፣ ኤሌክትሪኩን የፈጠረው ፍትጊያው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ ድሮም በሁለቱም ውስጥ ነበር፤ ፍትጊያው ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገረው እንጂ አልኳት። ከዚያ ወደ ሰርኪዩት ገባን። ኮረንቲ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል፤ መስመሩ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ቀጥ ይላል። ይህንንም በባትሪ ድንጋይና በትንሽ አምፖል አሳየኋቸው።

ትናንት ቅዳሜ ያስተማርኩትን ቤቴ ውስጥ ሞከርኩት። ለአንድ ብቸኛ ሰው ቆጣሪያችን በጣም ይሮጣል ብዬ ከጠረጠርኩ ቆይቻለሁ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፣ ምድጃውን ነቀልኩ፣ አምፖሎቹን በሙሉ አጠፋሁ። የቆጣሪው ዲስክ ግን ቀስ እያለ መዞሩን አላቆመም። ሁሉም ጠፍቶ ቆጣሪ ከዞረ ከእኛ መስመር ላይ የሚጠቀም ሰው አለ ማለት ነው። ሌባዬን ልይዝ ነው አልኩ።

ቁምሳጥንሽን ሳንቀሳቅስ ከኋላው ካለው ሶኬት የወጣ ቀጭን ሽቦ አገኘሁ። በመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ሳቢራ ቤት ይገባል። ቆጣሪ ስላልገባላቸው ከእኛ ሲጠቀሙ፣ ተደብቀው ምድጃ ይሰካሉ ብዬ መስመሩን የቆረጥኩባቸው ሰዎች ናቸው። ሴትዮዋ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ትመርቀኛለች። ለካ እየሰረቀችኝ ነው የምትመርቀኝ ብዬ፣ ፒንሳዬን ይዤ ሄድኩ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ጉደታ፣ ዛሬ ከየት ተገኙ? ይግቡ እንጂ» አለችኝ።

«ይህን ሽቦ ማነው የዘረጋው?»

«መርጋ ነዋ፣ ኤሌክትሪሽያኑ። እርስዎ አይደሉ እንዴ የላኩት?»

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ ወስዳ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ከፈተችልኝ። ውስጧ ውሃና የስኳር በሽታ መርፌ ብቻ ነው ያለው። ሴትዮዋ ስኳር እንዳለባት እንኳ አላውቅም ነበር።

«መጀመሪያ የቆረጡብን ጊዜ ተቀይሜዎት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች። «ኋላ ኤቢሴ መጥታ፣ ‹ጉደታ መታመምሽን ሲሰማ መስመሩ ይመለስላት አለ፤ ምስጋና ስለሚያሳፍረው ግን እንዳታነሺበት› አለችኝ። ይኸው መርፌዬን በወጋሁ ቁጥር እመርቅዎታለሁ።»

ፒንሳውን ኪሴ ከተትኩት። «ሽቦው ቀጭን ነው፣ ሲሞቅ አደጋ ያመጣል፤ ልቀይርላችሁ ነው የመጣሁት» አልኳት። ያው ውሸት ነው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መርጋን ጠርቼ በወፍራም ሽቦ ቀየርነው፤ ለብቻው ብሬከርም አስገባንለት። ያኔ ከበበው ባየው ቦታ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲሠራ በደንብ አየሁት። ሚስት አለህ ወይ ብዬም ጠየቅሁት። ይቅር በይኝ፣ አመል ሆኖብኝ ነው።

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ልቆጣሽ ጀምሬ ነበር። ብትነግሪኝ እቆርጠው ነበር። አንቺም ይህን ታውቂያለሽ። ስለዚህ «መድኃኒቷ ከሚበላሽ የኔ ስም ይበላሽ» ብለሽ ሄድሽ። ይህን ሳስበው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ለሳቢራ የነገርሻት ሰውዬ ነው። የጎረቤቱን ሕመም ሲሰማ የሚራራ፣ ሲያመሰግኑት የሚያፍር። ከየት አመጣሽው? ስንጋባ እኔ እንደዚያ ነበርኩ? ሌላ የምትወጂው ሰው አለ ብዬ ስጠረጥርሽ ከርሜያለሁ፤ አሁን ሳስበው አለ። ሳቢራ በእኔ ስም እየጠራች ትመርቀዋለች፤ እኔ ግን አላውቀውም።

ለፋሲካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ካቺሲ ልመጣ አስቤያለሁ። ያ ሰውዬ ሆኜ እመጣለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ልሞክር ግን እፈልጋለሁ፤ በሩን ብቻ ክፈቺልኝ።

እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳንልሽ። ጌታ ከክፉ ይጠብቅሽ።

ባልሽ ጉደታ