ሦስቱ ሻርፖች

ለምወድሽ ልጄ፣

የባሕሩን ያህል ናፍቆቴ ይድረስሽ። እኛ በአንቺ ደግነት መርከቡ ላይ እንደ ሙሽራ ተንቀባረን ተቀምጠናል። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ።

እዚህ ሁሉ ነገር በክፍላችን ካርድ ስለሚመዘገብ፣ የሰጠሽን ዶላር የሚወጣው ወደብ ስንወርድ ብቻ ነው። አባትሽን ታውቂው የለ፤ ባንክ ቤት ገንዘብ ሲቆጥር ያረጀ ሰው! የመጀመሪያው ቀን ዶላሩን በአንድ ፊት አስተካክሎ ደረደረና፣ "በየወደቡ አንመንዝር፣ ምንዛሪው ይበላናል" ብሎ አስተማረኝ። እንዴት እንደኮራሁበት!

ትናንት ወደብ ላይ "ለልጄ" ብሎ ሰማያዊ ሻርፕ ገዛልሽ። ትንሽ ራመድ እንዳልን፣ "ውይ፣ ለልጄ ምንም ሳልገዛላት!" አለና ተመልሶ ያንኑ ሻርፕ ደገመው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሠለሰው። ባለሱቋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ምን ልበለው? በገዛ ቁጥር ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ብታዪ! ሲሰጥሽ ሦስቱንም በደስታ ተቀበዪው፤ እንዳትስቂ።

ማታ የኪስ ቦርሳውን "አንቺ ያዢው" ብሎ ሰጠኝ። ከተጋባን ጀምሮ አስነክቶኝ የማያውቀውን! እኔም ሹመት ነው ብዬ፣ ስቄ ተቀበልኩት።

በይ ደህና ሁኚልኝ፤ አባትሽም ጉንጭሽን ስሞሻል። እንዲህ ያለ ደስታ ስላሳየሽን ዘርሽ ይባረክ። ስንመለስ ግን አደራ፣ ሹፌር አትላኪብን፤ አንቺው ራስሽ ነይ። ገና ከሩቅ ስታዪን "አባዬ" ብለሽ ጥሪው። መልክሽን ከማየቱ በፊት ድምፅሽን ይስማ።

እናትሽ