ወደ ጎልድ ኮስት ያላንተ

ራስል፣

ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ፣ ወደ ጎልድ ኮስት ሄጃለሁ። አትደውልልኝ።

ውሻው ቁርሱን በልቷል፤ ቢለማመጥህ እንዳትደግምለት። ቆሻሻውን ማክሰኞ ጠዋት አውጣ፤ ባለፈው ረስተኸው ቤቱ ሸቶ ነበር።

ዓመት ሙሉ ያቀድነው እዚያ ካለው ቁማር ቤት፣ ከካሲኖው ገብተን እንደ ሰው ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር ልንጫወት ነበር። አንተ ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ሌሎቹን ለማጭበርበር በድብቅ ምልክት እንድንነጋገር ፈለግህ፤ ጥሩ ካርታ የደረሰው ጆሮውን ሊያክ። ይባስ ብለህ እሁድ ዕለት በጎረቤታችን በኧርኒ ላይ ሞከርከው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው ቤት ሲገቡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። በተሸነፉ ቁጥር፣ "እናንተ ልጆች ጎበዞች ናችሁ፤ እኔ ነኝ ያረጀሁት" እያሉ ይስቁ ነበር።

አንተ ወጥ ቤት ጎትተህ አስገባኸኝና፣ "አየህ፣ ይሠራል!" አልከኝ እየሳቅህ።

እኔም ጆሮዬን አክኬያለሁ። ሦስት ጊዜ።

ዛሬ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም፣ ያላንተ እንደምሄድም ነገርኳቸው። ኧርኒም፣ "ራስል ካልሄደ ታዲያ ከማን ጋር ልትሄድ ነው?" አሉኝ።

አሁን ክራባት አስረው መኪናው ውስጥ፣ ያንተ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። "ና እንጂ!" እያሉ ጥሩምባውን ያስጮኹታል።

ግሌን